ያልሰማሁት የልብ ምት

ኅዳር 6

ዛሬም ማሽኑ ጋ ለመድረስ ታገልኩ። ከእጄ ቀድሞ ሆዴ ይደርሳል። በጎን ተቀምጬ የዩኒፎርም ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። አጠገቤ የምትሰፋው ልጅ፣ ወሬ ስለማታቋርጥ "ራዲዮ" የምንላት፣ "ልጅሽ ስፌት ተምሮ ነው የሚወጣው!" ብላ ሳቀችብኝ። ስፌት ቤት ሁሉም የሚነጋገረው በከንፈርና በእጅ ነው። የማሽኑ ጩኸት ማንንም አያሰማም። ለዚህ ይሆን እንዴ እዚያ የሚቀለኝ?

ማታ ባለቤቴ፣ "ስጠራሽ፣ ስጠራሽ... የት ሄደሽ ነው?" አለኝ። የእርጉዝ ልብ አንድ ቦታ አይረጋም ብዬ አሳቅኩት።

ቀኝ ጆሮዬ ልጅ ሆኜ ኩፍኝ ከያዘኝ ጀምሮ አይሰማም። ያንን ያውቃል። ግራው ግን... ድካም ነው። ድካም ይሆናል።

ኅዳር 9

ድካም አይደለም። የጠረጴዛውን ሰዓት ግራ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ጭጭ። ቆሞ ይሆናል ብዬ ገልብጬ አየሁት። ቀጭኗ የሰከንድ ቆጣሪ እየሮጠች ነው።

ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ጮክ ብሎ ሲያወራ እሰማለሁ። ግማሹን በጆሮዬ፣ ግማሹን በዓይኔ። ዞር ሲል ግን ይጠፋብኛል።

ለማንም አልናገርም። መጀመሪያ ልውለድ።

ኅዳር 13

ክሊኒክ ሄድን። አዋላጇ የፅንስ ልብ የሚያሰማውን መሣሪያ ሆዴ ላይ አድርጋ ድምፅ መጨመሪያውን አሽከረከረች። ፊቷ በራ። "ስሚው እስቲ!" አለችኝ።

ባለቤቴ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የሚንጠባጠብ ውሃ የት እንዳለ በጆሮው የሚያገኝ ሰው። ዓይኑ እንባ ሞላ። "ፈረስ ነው የሚመስለው!" አለ። "ሰማሽው?"

"ሰማሁት" አልኩ።

ምንም አልሰማሁም። አለቀስኩ። ደስታ መሰለውና እጄን ሳመኝ።

ኅዳር 14

ልጄ ሲያለቅስ ማን ይነግረኛል?

ኅዳር 18

አማቴ መጡ፤ እስክወልድና እስክጠነክር ሊያግዙኝ። ጥሩ ሴት ናቸው። ችግሩ፣ የፊት ጥርሳቸው ከወለቀ ወዲህ አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ነው የሚያወሩት። ከንፈራቸውን ካላየሁ ደግሞ አለቀልኝ። ለሁሉም "እሺ እማማ" ነው መልሴ። ዛሬ ምሳ ሲሠሩ ደጋግመው የሆነ ነገር ጠየቁኝ፣ እኔም ደጋግሜ እሺ አልኩ። ለካ "ጨው ልጨምር?" ነበር። ባለቤቴ ወጡን ቀምሶ ውሃ ፍለጋ ሮጠ። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ግን ነገ የሚጠይቁኝ የጨው ነገር ባይሆንስ?

ካወቁ ምን ይላሉ? "ይቺ እንዴት ልጅ ታሳድጋለች? ልጁን እኛው እንውሰደው።" አፍ አውጥተው ባይሉም ያስባሉ። እኔ ራሴ አስቤው የለ?

ኅዳር 24



ጎረቤታችን ሱቅ ደርሳ እስክትመለስ ልጇን አስያዘችኝ። ገና ድክ ድክ እንኳን ያላለ፣ ለመገልበጥ የሚታገል ልጅ። ተኝቶ ነበር። አልጋችን ላይ አስተኝቼ፣ በትራስ ከልዬው፣ ሳሎን ገብቼ የልጄን ጨርቆች መተኮስ ያዝኩ። ደስ እያለኝ። ቤቱ ጸጥ ብሎ...

ጎረቤቴ በሩን በርግዳ ገባች። አንድ እግሯ ባዶ ነው። እኔን አልፋ ወደ መኝታ ቤት ሮጠች። ልጁ ወለሉ ላይ ነው። ፊቱ ደም መስሏል፣ አፉ እስከ ጉሮሮው ተከፍቷል። ለቅሶው መንገድ ድረስ ተሰምቷት ነው የመጣችው። በእኔና በእሱ መካከል አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር።

"ደንቆሮ ነሽ እንዴ!" አለችኝ።

ስድቧ ነው። እውነቷን መሆኑን አላወቀችም።

ሐኪም አይቶታል፣ ግንባሩ ከማበጡ በቀር ደህና ነው። አማቴ ከጓሮ ገብተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ልጁን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት። ያ ዓይናቸው ገደለኝ።

የኔስ ቢወድቅ? ትን ቢለው? እሳት ቢነሳ? እግዚኦ...

ኅዳር 25

ሳህን እያጠብኩ ትከሻዬን ይዘው አዞሩኝ። አማቴ። እጃቸውን ከአፋቸው ላይ አውርደዋል። የጎደለውን ጥርሳቸውን ገና ዛሬ አየሁት።

"ከኋላሽ ቆሜ ክዳን ጣልኩ" አሉ ቀስ ብለው። "ድመቷ በመስኮት ዘላ ወጣች። አንቺ ቅንድብሽ እንኳ አልተነቃነቀም። ከመቼ ጀምሮ ነው ልጄ?"

እጃቸውን ያዝኩ። "ለእሱ እንዳይነግሩብኝ እማማ። እግርዎ ላይ እወድቃለሁ!"

"በዚህ ሆድሽ? ወድቀሽስ ማን ሊያነሳሽ?"

እያለቀስኩ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "እኔ አልነግረውም፣ አንቺው ትነግሪዋለሽ። አንድ ሆድ ልጅና ምስጢር አብሮ አይችልም። አንዱን አውጪው።"

ኅዳር 27

ነገርኩት። ፊቱን እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም። መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ገረጣ። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። በቃ፣ አልኩ። ይኸው ነው። አማቴ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ እንጂ "ይመለሳል" አላሉኝም። እሳቸውም አላወቁማ።

ፀሐይ ስትጠልቅ መጣ። ለካ ክሊኒክ ሄዶ አዋላጇን ሲጠይቅ ነው የዋለው። አንዳንድ ሴት ላይ እርግዝና የመስማት ችግርን ያባብሳል ብላዋለች። ከወለድኩ በኋላ የጆሮ ሐኪም ይየኝ። ይሻላታል ብላ ግን ቃል አልገባችም።

ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። "ያን ቀን... ልቡንም አልሰማሽም?"

"አልሰማሁም።"

"ሰማሁ ብለሽኝ አልቅሰሽ የለ?"

"ስላልሰማሁ እኮ ነው ያለቀስኩት።"

ተነስቶ መልሶ ተቀመጠ። "እኔ እዚሁ ሆኜ ብቻሽን ስትፈሪ ከረምሽ? ምን ነካሽ?" ተቆጥቷል። እየተቆጣም መዳፌን ወደ ራሱ ሳበና በጣቱ መታ መታ ያደርገው ጀመር። ቶሎ ቶሎ፣ ፈጠን፣ ፈጠን። ምን እንደሚያደርግ አልገባኝም።

"እንዲህ ነበር የሚለው" አለ።

ታኅሣሥ 2

ጀርባዬን ይዞኛል። ምጡ ይሆን? አማቴ ገና ነው ይላሉ፣ ሻንጣውን ግን በር ላይ አድርገዋል።

ሐኪሞቹ አፋቸውን ሸፍነው ነው የሚሠሩት። ግፊ ሲሉኝ ባልሰማስ? አቁሚ ሲሉኝ ብገፋስ? በእኔ ጆሮ ምክንያት ልጁ አንድ ነገር ቢሆንስ?

ታኅሣሥ 13

እስከ ዛሬ እስክሪብቶ አልጨበጥኩም።

ሴት ናት።

አዋላጇ ጭምብሏን አገጯ ላይ አውርዳ፣ "ጉልበትሽን ስጨብጠው ግፊ፣ ስለቀው ተንፍሺ" አለችኝ። ሌላ ቃል አላስፈለገንም። ግን ልጅቷ ስትወጣ የሁሉም ፊት ደነገጠ። የአዋላጇም፣ ራስጌዬ የቆሙት የአማቴም። በጨርቅ ጀርባዋን ያሹታል፣ ይገለብጧታል... እኔ የማየው ጀርባቸውን ነው። "ምነው? ንገሩኝ! ምነው?" አልኩ። ጮኼም ይሆናል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ የአማቴ ጉንጭ በእንባ ራሰ። የደስታ ይሁን የሐዘን ከፊታቸው መለየት አቃተኝ። አዋላጇ ዞረችና ልጅቷን ደረቴ ላይ አስተኛቻት። ለቅሶዋ በጎድን አጥንቴ ገባ። እንደ ስፌት ማሽን ነዘረኝ። ሰማኋት ልበል? ሌላ ቃል የለኝም።

አሁን ቤት ነን። ጩኸቷ ልክ የለውም አሉ። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ዓይኑ ቀልቶ፣ ትራስ ጆሮው ላይ አስሮ መጣና፣ "ታድለሽ!" አለኝ። አማቴ ደነገጡ፣ በእጃቸው ሊመቱት ቃጡ። እኔ ግን የተሰፋሁበት እስኪያመኝ ሳቅሁ። በዚህ ቤት ስለ ጆሮዬ ሲቀለድ የመጀመሪያው ነው።

ፍርሃቱ ለቆኛል ብል ውሸት ነው። ጆሮ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ወር ነው፣ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ውሃ ልጠጣ ስነሳ እንኳን አንድ ሰው እስኪተካኝ እጠብቃለሁ።

አሁን ባለቤቴም አማቴም ደክሟቸው ተኝተዋል። ቀን ነው፣ መጋረጃው ገርበብ ብሏል። ቀኝ እጄ ይጽፋል፣ ግራው የልጄ ደረት ላይ ነው።

ትንፋሿ ተቆራረጠ... እግሯን ሰበሰበች። አፏን ገና አልከፈተችም።

መጣሁ የኔ እናት።