በየሰዓቱ አንዴ ብቻ

አሰብ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፷፬

ውዷ ባዩሽ፣

እናንተ ደሴ ላይ ጋቢ ተከናንባችሁ፣ እኔ እዚህ በታኅሣሥ ላብ በላብ ሆኜ እጽፍልሻለሁ። ትናንት ወንድሜ ሣህሉ፣ ጫኔ የሚባል የነዳጅ ማጣሪያ ባልደረባውን ምሳ ጋበዘው። የጫኔ ሥራ ቀኑን ሙሉ የግፊት መለኪያዎች ፊት መቀመጥ ነው። እኔ በር መቆለፌን ሦስቴ ተመልሼ የማየው ሴት፣ «ሐሳብ አይገልህም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«መጀመሪያ ቤቴ ገብቼም ቁጥሩ ይታየኝ ነበር» አለኝ። «ኋላ አለቃዬ፣ ‹በየሰዓቱ አንዴ አይተህ ጻፍና ተወው፤ ችግር ከመጣ ደወሉ ይጠራሃል› አለኝ።»

«ተውከው?»

«ወዲያው አይደለም፣ እህቴ። መለኪያውን እንዳልነካካ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የለመድኩት።»

ዛሬ እኔም ሞከርኩት። የሚያብሰለስለኝን ነገር ወረቀት ላይ ጽፌ፣ እስከ አሥር ሰዓት ላላየው ወስኜ ከሣህሉ ሚስት ጋር ወደ ባሕሩ ወረድኩ። እየደጋገመ መጣብኝ፤ ግን እንደ ወትሮው አልገዛኝም። አሥር ሰዓት ላይ ሳነበው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ መልሱም እኔ ዘንድ የለም። ስለዚህ ልጠይቅሽ፦ ስንሰነባበት ስለ እጮኛሽ የተናገርኩት አስቀይሞሻል?

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እትዬ ታደለችን ሳሚልኝ። «አዎ» ብትዪም እንኳ ጻፊልኝ።

የአንቺው የሻሽወርቅ