ሐረጎ ላይ የሚጠፋው ሞተር

ሰኞ

አራት ገጽ! አራት ገጽ ሙሉ ጠፋብኝ።

የሰፈራችን ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ዘጠኝ ቀኑ። የላፕቶፔ ባትሪ ሞቷል፣ ካልተሰካ አይሠራም። የመመረቂያ ጽሑፌ ደግሞ ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ካልገባ ምርቃቴ ለከርሞ ነው። ኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ የግል ሥራ ክልክል። ስለዚህ የመኪና ባትሪን ኃይል ለላፕቶፕ የሚቀይር ኢንቨርተር ከገበያ ገዛሁ። ጠዋት ማታ በሚያመላልሱኝ በአጎቴ በሰይድ ፒክአፕ፣ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ።

ደህና ሠራ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሐረጎ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ስንደርስ ግን አጎቴ «ቢስሚላህ» አሉና ሞተሩን አጠፉት። ነዳጅ ለመቆጠብ! ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የወረዱት። የመኪናው ባትሪ አርጅቷል፣ ሞተሩ ካልሠራ ኃይል አይሰጥም፤ ኢንቨርተሩ ጢጥ አለና ሴቭ ሳላደርግ ስክሪኑ ጨለመ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ለቁልቁለት ምን ነዳጅ ያስፈልጋል?»

አብሽሪ ይሉኛል!

ማክሰኞ

ትናንት ማታ ለምኛቸው «ወላሂ፣ ስትጽፊ አላጠፋትም» ብለው ነበር። ዛሬ ስለ ነዳጅ ሰልፍ እያወሩኝ እጃቸው ብቻዋን ሄዳ ቁልፉን ጠመዘዘች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

«አስታግፊሩላህ! እጄ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም» አሉ ደንግጠው።

ሁለት ገጽ፣ ዛሬም ሴቭ ሳላደርግ። እስከ ኮምቦልቻ አላናገርኳቸውም። ማታም ሰላምታ ብቻ።

ረቡዕ

ጠዋት በእልህ ላፕቶፑን አልከፈትኩም። እሳቸውም ነፃ ወጡና ሞተሩን አጠፉ። ሥራ ስለፈታሁ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱን ልብ ብዬ አየሁ። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑ ደንድኖ በሁለት እግራቸው ሲረግጡት፣ የፊተኛው ከባድ መኪና ጀርባ አፍንጫችን ሥር ደረሰ።

ማታ ዳገቱን ስንወጣ ሞተሩ እያጓራ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ዳቦ ብሰጣቸው እምቢ አሉ። «መሐላዬን አፍርሻለሁ። ሦስት ቀን ልጾም ነይቻለሁ።»

ይኼም አናደደኝ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ሐሙስ

ቁልፉ ላይ መቁጠሪያቸውን ጠምጥመው መጡ። «እጄ ስትነካው ያስታውሰኝ» አሉ። አልሳቅሁም። ቁልቁለቱ ላይ እጃቸው ሄደች፣ መቁጠሪያውን ነካች፣ ተመለሰች። ሦስት ጊዜ። አንድም መስመር አልጠፋም። መደምደሚያው ብቻ ቀረ።

ዓርብ

ሐረጎን ስናጋምስ መደምደሚያውን ጨርሼ ጽሑፉን በስልኬ ኢንተርኔት ላክሁት። «ደርሷል» የሚል መልስ መጣ።

«ሄደ?» አሉ አጎቴ።

«ሄደ።»

«አልሐምዱሊላህ! እንግዲያ ላጥፋት?»

«አያጥፏት!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ጮኼባቸው አላውቅም። «ፍሬኑን አይቻለሁ! ሊሞቱ ነው?»

ሳምንቱን ሙሉ ለወረቀት ስናደድ ከረምኩ። ስለ እኔ ለሚጾሙት ሽማግሌ ነፍስ አንዴም አልተናደድኩም። አፈርኩ።

አጎቴ የነዳጅ መለኪያውን እያዩ ሁለቴ ተነፈሱ እንጂ ሞተሩን አላጠፉትም። ኮምቦልቻ ስንቆም መቁጠሪያውን ከቁልፉ ላይ መፍታት ጀመሩ።

«ይተዉት፣ አጎቴ» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና መልሰው ጠመጠሙት።