ወረቀትሽ ልክ ነበር

ውድ ማርኬላ፣

መንገዱን አልረሳሽም። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የጻፍኩት፣ ከዚህ ደብዳቤ አንዲት መስመር ብቻ ካነበብሽ ይህችን እንድታነቢ ነው። ለሐኪሙ አሳዪው። ቁልፏን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተች እያለ ለሚያወራብሽ ለወንድ ልጅሽም አሳዪው። ሠላሳ አራት ዓመት አንዲት ቃል ሳልጽፍልሽ ቆይቼ እንዲህ ብዬ መጀመሬ ይገርምሽ ይሆናል። እኔንም ገርሞኛል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከካሊዮፒ ጋር ደጄ ላይ ተቀምጠን የማስቲካ ዛፍ ሙጫ እንለቅም ነበር። ዘንድሮ ዛፎቹ ብዙ አልቅሰዋል፤ ትሪያችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን፣ ከደረቀው ሙጫ ላይ ቅጠሉንና አፈሩን በቢላዋ ጫፍ እየፈቀፈቅን፣ ሰው እያማን ነበር። ካሊዮፒ እንደሆነች አልተለወጠችም፤ ጥርሷ ብቻ ነው ያለቀው። አንዲት ረጅም ሴት ቦርሳ አዝላ፣ ወረቀት እያየች በፊታችን አለፈች። ካሊዮፒ "ይኸው፣ ዕውሩ ምሳውን አገኘ" አለችኝ።

እንግዳ ሁሉ መጨረሻው ዕውሩ መንገድ ውስጥ መግባት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አያቶቻችን መንደሩን ሲሠሩ ያሰቡት የባሕር ወንበዴን እንጂ ጎብኚን አይደለም፤ መውጫ የሌለውን መንገድ ከሌላው ሁሉ አስፍተው አሳምረው ነው የተዉት። ሴትየዋ ግድግዳ ገጥሟት እየሳቀች እስክትመለስ ጠበቅን። አልተመለሰችም።

ሄጄ አየሁ። ግድግዳው ፊት ቆማ ወረቀቱን ታገላብጣለች።

"አክስቴ፣ እዚህ ጋ ቅስት አልነበረም?" አለችኝ።

እኛ ዘንድ ወጣት ሁሉ አሮጊት ሲያይ አክስቴ ስለሚል ምንም አልመሰለኝም። ንግግሯ ያነክሳል፤ "ቅስት" የምትለውን ቃል ግን እንደ መንደራችን ሰው ነው ያለቻት። ወረቀቱን ተቀበልኳት። የእጅ ጽሑፍሽን ለመለየት መነጽር አላስፈለገኝም። ከበሩ ግቢ፣ የስታማቲስን ምድጃ በቀኝ ተዪው፣ በለሷ ጋ ወደ ግራ፣ በቅስቱ ስር እለፊ፣ ከዚያ ሰባት እርምጃ፣ ሰማያዊው በር የኔ ነው ይላል። የስታማቲስ ምድጃ አሁን የባርኔጣ መሸጫ ሆኗል፤ ቦታው ግን ያው ነው። አንድም መታጠፊያ አልሳትሽም።

ወረቀቱን እናቷ እንደጻፈችው ነገረችኝ። ከዓመት ወዲህ ነገር መርሳት እንደጀመርሽ፣ ሐኪሙ ብቻዋን ባትኖር ይሻላል እንዳለ፣ እዚያው በምትኖሩበት ጎተንበርግ ከተማ የአረጋውያን ቤት እንዳገኙልሽ ነገረችኝ። አንቺ ግን እምቢ ብለሽ ወረቀቱን እጇ ላይ አስቀምጠሻል። ሂጂና አረጋግጪ፤ ከተሳሳትኩ ያላችሁኝ ቦታ እገባለሁ፣ ካልተሳሳትኩ ግን አፋችሁን ይዛችሁ ከቤቴ ጋር ተዉኝ ብለሻታል። እንዲህ የምትናገር ሴት በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ነው የማውቀው።

"ሌላው ሁሉ ልክ ነበር" አለች ልጅሽ። "የራሷ ደጅ ላይ ስትደርስ ጠፋባት።"

ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ፊቷ ያዘነ ሰው ፊት ነበር እንጂ የረታ ሰው አልነበረም፤ ይህን እወቂላት። ስሟን ጠየቅኋት፤ አርጊሮ አለችኝ። የእናታችንን ስም ሰጥተሻታል።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። መንደሩ ሰው ያሳስታል፣ የኔ ልጅ፣ ብዬ መውጫውን አሳየኋት።

ከዕውሩ ወደ በርሽ ብቻ የሚያሳልፈውን ቅስት ያስደፈንኩት እኔ ነኝ፣ ማርኬላ። እናታችን ሦስት ቀን ሙሉ ስምሽን ስትጠራ ቆይታ ሞተች፤ አንቺ አልመጣሽም። አርባዋ ወጣ፤ አልመጣሽም። ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ። ሳልከፍት መለስኩትና በማግስቱ ግንበኛ ጠራሁ። ለመንደሩ ሰው ድንጋዩ ሊወድቅ ነው አልኩ፤ ሁሉም አወቀ፣ ማንም ምንም አላለኝም። ደጄ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ያንን ሰማያዊ በር ማየት ከብዶኝ ነበር። የተቆጣሁ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ናፍቀሽኝ ኖሯል።

ተመልሼ ትሪዬን አነሳሁ። ካሊዮፒ ማን ናት አለችኝ፤ የማርኬላ ልጅ አልኳት። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ምን አልሻት?"

"ምንም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ይጎልትሻል? እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አፌን ይዤልሻለሁ፤ ዛሬ በቃኝ።"

በእግር ብከተላት አልደርስባትም ነበር። ስለዚህ ጣራ ላይ ወጣሁ። አዎ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ። ልጆች ሳለን መሬት ሳንረግጥ ከቤታችን እስከ መንደሩ በር እንሮጥ የነበረው ትዝ ይልሻል? የመንደሩ ጣራ ዛሬም ተያይዞ አንድ ወጥ ነው፤ እግሬ ነው እንጂ የተለወጠው። የሰው ልብስ ማስጫ ገመድ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፣ እንዲደርቅ የተሰጣ የሰው ቲማቲም ረገጥኩ፣ የካህኑ ሚስት ከታች ሆና ኢሲዶራ አበደች ብላ ለጎረቤት ስትናገር ሰማሁ። ልጅሽ ግን ከታች በጠመዝማዛው ስትዞር ቆይታ ገና በሩ ጋ ስትደርስ ነበር።

"አርጊሮ፣ ወረቀቱ ልክ ነው" አልኳት ከላይ። "ቅስቱ ከግድግዳው ውስጥ አለ። ያስደፈንኩት እኔ ነኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "እርስዎ ማን ነዎት?"

"አክስትሽ። ቅድም ራስሽ ጠርተሽኝ የለ?"

አልሮጠችም፣ አላቀፈችኝም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ተቆጣች፤ መብቷ ነው። እናቷ ወረቀቱን ጽፋ ማታ ማታ እያነበበች መታጠፊያዎቹን በጣቷ ስትቆጥር ከርማለች አለችኝ። ከዚያ፣ ይህን በእጅዎ ይጻፉልኝ፣ እኔ ብናገር ወንድሜ አያምነኝም አለች። ይህ ደብዳቤ ከዚያ የመጣ ነው። በራሴ ተነሳስቼ የጻፍኩት አስመስዬ ብነግርሽ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ግን ሾርባ አብረን ስንበላ "አንቺ" ማለት ጀምራለች። የተወለደችበትን ቀን ነገረችኝ። እናታችን በሞተችበት ሳምንት ነው። አንቺ ሆስፒታል ውስጥ ነበርሽ፤ ደም አላቆም ብሎሽ ሰዎች ተስፋ ቆርጠውብሽ ነበር። የመለስኩት ደብዳቤ ውስጥ ይህ ነበር፣ አይደል? ልትነግሪኝ አያስፈልግም። ማንኪያዬን አስቀምጬ አለቀስኩ፤ ልጅሽም ዳቦ ቆረሰችልኝ።

ሐሙስ የግንበኛው ልጅ መጥቶ አባቱ የገነባውን አፈረሰ። በርሽ ቀለሙ ተልጧል፤ ቁልፉ እንደ ሁላችንም ቁልፍ ከውጭ እንደተሰካ ዝጓል። ቢያንስ ማቀዝቀዣ ውስጥ አልከተትሽውም።

ምናልባት ሐኪሙም እውነቱን ይሆናል፤ አንዳንድ ነገር ትረሺ ይሆናል። ይህን እኔ ከዚህ ከደሴታችን ከኪዮስ ሆኜ አላውቅም። ስለዚህ አትዘግዪ፣ እህቴ። ያደረግሁብሽን ሳትረሺ ነይ። ረስተሽው ሳይሆን አስታውሰሽው ይቅር እንድትይኝ ነው የምፈልገው። ብትጮሂብኝም ካሊዮፒ ትሪዋን ይዛ መጥታ ከመስማት በቀር ማንም አይጎዳም።

አንዲት ነገር ብቻ። ከቅስቱ እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ብለሻል። አርጊሮ ብትቆጥረው ስምንት ሆነ፤ ለወንድሜ አንነግረውም አለችኝ። እኔ ብቆጥረው አሥራ አንድ። ነይና ራስሽ ቁጠሪው።

ቅስቱ ስር ወንበር አውጥታ የተቀመጠችው
እህትሽ ኢሲዶራ