በመሳቢያዎ ውስጥ ስለቀረው የፈተና ካርዴ

ይድረስ ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤና፣ ያለ አንዳች ሥጋት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የነጋዴው የአቶ ሳኒ ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎ ሰውዳ ነኝ፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ስላደረጉልኝ ርኅራኄ በአደባባይ ላመሰግንዎ ስለፈለግሁ፣ የዚህን ቅጂ በአባቴ ሱቅ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

፩ኛ፦ አምና ጉልበቴ አብጦ መሮጥ ሲያቅተኝ፣ ከስፖርት ለመሸሽ ነው ብለው ፀሐይ ላይ ስላቆሙኝ አመሰግናለሁ። አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች የአጥንት ካንሰር ነው ብለው እግሬን ከጉልበቴ በላይ ቆረጡት። እርስዎን አልወቅስም፤ እነሱም ያወቁት በራጅ ነው።

፪ኛ፦ ሆስፒታል ከጎኔ የተኛችው እዚሁ አጠገባችን ካለው ከኢታንግ የመጣችው ልጅ አጁሉ ነበረች፤ እሷ የተቆረጠው ክንዷ ነው። ነርሶቹ ቁስላችንን ሊያጥቡ ሲመጡ እንዳንጮህ ማባዛት እንጠያየቅ ነበር። «ሰባት ጊዜ ስምንት?» ትለኛለች። በፍርሃት «ሃምሳ አራት» እላለሁ። «ገና አልሞትሽም፤ ደግመሽ አስቢ» ትለኛለች። በሽታው ሳንባዋ ገብቶ በጥር ወር ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሳል በያዘኝ ቁጥር ደረቴን ይዤ እቆያለሁ፤ እናቴ ዘሃራ እንዳትሰማም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ እስላለሁ።

ይህን የምነግርዎ ለአባቴ «ልጅቷ ብዙ አትቆይም፤ በፈተና ምን ያደክማታል?» ሲሉት ከቢሮዎ በር ውጭ ቆሜ ስለሰማሁ ነው። ምናልባት አልተሳሳቱ ይሆናል። እኔንም የሚያስፈራኝ እሱው ነው። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቴን ማየት አቅቶታል፤ ስለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፫ኛ፦ እንዳልደክም አስበው የፈተና ካርዴን በመሳቢያዎ ስለቆለፉበት አመሰግናለሁ። በፈተናው ጠዋት በክራንች መጥቼ በሩ ላይ ቆምሁ። ከጎሬ የመጡት ፈታኝ «ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ። «ካርዴን» አልኋቸው። ስሜን ከመዝገባቸው ፈልገው አገኙት፤ የራሳቸውንም ወንበር ለቀቁልኝ። እርስዎ በመስኮት ሲያዩን ተሳስቼ ስሜን ሁለት ጊዜ ጻፍሁት። ሆኖም ጨርሼ ወጣሁ።

ሌሎች ተማሪዎችንም ከድካም ለማዳን እንዳይቸኩሉ ፈጣሪ ረጅም ዕድሜና ትንሽ ትዕግሥት እንዲሰጥዎ እየለመንሁ፣ ለማዕረግዎ በሚገባ አክብሮት ሁሉ እሰናበታለሁ።

ታዛዥ ተማሪዎ
ሰውዳ ሳኒ
ጋምቤላ፣ ሰኔ ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ የደረቴን ራጅ የምነሣው በነሐሴ ነው፤ የፈተናው ውጤትም በዚያው ሰሞን ይመጣል። ራጁን እፈራዋለሁ። ፈተናውን ብወድቅ ግን እባክዎ ካንሰሩ ነው አይበሉ፤ ሂሳቡ ነው።