የቅምጥል ሳል

ውድ እትዬ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፌን ባለቤቴ ብታይ «ለይቶለታል» ነው የምትለው። ትበል። ስለ ወፍሽ ልነግርሽ ነው፤ ካንቺ በቀር ደግሞ ይህን የምነግረው ሰው የለኝም።

አልጋሽ ላይ ሆነሽ «ሌሎቹ ለራሳቸው ያውቃሉ፣ ቅምጥልን ግን አደራ» ያልሽኝን አልረሳሁም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? ከቀብርሽ መልስ አራቱንም በቀቀኖች ከግድግዳችን ማዶ ካለው ቤትሽ ከነሽቦ ቤታቸው ወስጄ ሳሎናችን መስኮት ሥር አኖርኳቸው። እመቤት እንደ ልማዷ የላይኛውን እንጨት ያዘች፣ መንትዮቹ ግራና ቀኟ ተኮለኮሉ፣ ቅምጥል ብቻ ታች ጥግ ላይ ቀረ። እሱ መቼ ከነሱ ጋር መኖር ለመደና! ታመሽ ከተኛሽ ጀምሮ የሚያውቀው ያንቺን ትራስ ነው።

ሳምንት ሳይሞላው፣ ሥራ ክፍሌ ውስጥ ኮሌታ እየተኮስኩ ሳለ ጩኸት ሰማሁ። ስደርስ እመቤት ጀርባው ላይ ወጥታ አናቱን ትቦጭቃለች፣ መንትዮቹ ክንፉን ይጎትታሉ። እጄን ከትቼ አወጣሁት፤ እኔንም አልማሩኝም። ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬው ወደ ወፍ ሐኪሟ ስሮጥ ልቡ ደረቴ ላይ እንደ ስፌት መኪና ይመታ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ነገር አታስረዝምም። ክንፉን አሰረችለትና «ለብቻው ይሁን፣ ድምፃቸው ግን ይድረሰው። ጭራሽ ከተራራቁ እንደ ባዳ ያዩታል» አለችኝ።

«ለዘለቄታው ብቻውን ቢኖርስ?»

«በየሰዉ ቤት እንዲህ ዓይነቱን አይቻለሁ። ላባውን እየነጨ ራሱን ይጨርሳል።»

ስለዚህ ትንሽ የሽቦ ቤት ፈልጌ ከነሱ ጎን ሰቀልኩለት። የኔ ነገር! እመቤት መንቆሯን በሽቦው መሐል አሾልካ የእግሩን ጣት ነከሰችው። ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ ማዶ ያለችውን ዕቃ ቤት አጸዳሁለትና በሩን ክፍት ትቼ እዚያ አስቀመጥኩት። እዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው የሳለው።

እትዬ፣ ያንቺ ሳል ነው። ያንቺን ይመስላል አላልኩም። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻ ላይ ደረትሽን የሚፍቀው ነገር እንኳን አልቀረም። አንቺ ስለሽ ስታበቂ ሳሉን እንደ ጎረቤት ውሻ «ወዲያ!» ትዪው ነበር፤ እሱ ያንን አልያዘም። ጨርቅ የምቆርጥበትን መቀስ ጣልኩ። ሮጬ ሄጄ በሩ ላይ «እትዬ?» አልኩ። ቅምጥል አንገቱን ሰበር አድርጎ አየኝ፤ እኔም «ወዲያ!» እስክትዪ ቆሜ ጠበቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ የኛ ብቻ መሆኑ ቀረ። በዕቃ ቤቱ በኩል ስናልፍ በሽተኛ እንደተኛበት ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። በሳለ ቁጥር እሄዳለሁ። ባለቤቴ «ሙት እየጠራህ ነው፣ ተው አንተ ሰው!» እያለች ትቆጣኛለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን እሷም ሳሉን ሰምታ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ወደ ዕቃ ቤቱ ስትገሰግስ አየኋት። መንገድ ላይ ነቃች። ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ ውሃውን አበባው ላይ ደፍታ ተመለሰች።

ክንፉ ሲድን፣ ዓይኔን ሳልነቅል ሳሎን ውስጥ ከነሱ ጋር ለቀቅሁት። ሰላም ነበሩ። ከዚያ እሱ ሳሉን ለቀቀው። እመቤት ላባዋን ነፍታ ተወረወረችበት፤ ፎጣ ጥዬባት ነው ያስጣልኩት። ሌላም ቀን ሞከርኩ። ዝም ሲል ይተዉታል፣ ሲስል ይነሱበታል።

ለሐኪሟ ስነግራት ደረቱን አዳመጠች። «ደረቱ ጤነኛ ነው፣ ሳሉ ግን የበሽተኛ ነው። ወፍ ማስታመም አያውቅም፣ ወንድሜ። የታመመ ጎረቤት ጭልፊት ይጠራብናል ብለው ያባርሩታል።» ከዚያ ቀና አለችና «ለመሆኑ ሲስል አንተ ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ።

«እሄዳለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«እንግዲያው የምታስለው አንተ ነህ። በሳለ ቁጥር ሰው ይመጣለታል፤ ለምን ይተዋል? ሲያፏጭ ሂድ፣ የሱፍ ፍሬ ስጠው። ሲስል ግን ቤት ውስጥ የለህም።»

በሕይወት ሳለሽ ስለሽ ያልመጣሁበት ቀን የለም። አንቺው ነሽ «ሰው አይደለህም፣ ሳሌ ሳያልቅ ትደርሳለህ» ብለሽ የምትስቂብኝ። አሁን አንቺ ኮሪደሩ ማዶ ስትስዪ እኔ ተቀምጬ መስፋት ነበረብኝ።

ቅምጥል ሳለ። የስፌት መኪናዬን ፔዳል ረገጥኩ። ከፍ አድርጎ ደገመው። ከዚያ ዝቅ አድርጎ፣ አፈን አድርጎ፤ መድከሜን ስታውቂ እንዳልሰማሽ ብለሽ ትራስ ውስጥ እንደምትስዪያት። እትዬ፣ ያቺኛዋ ናት የገደለችኝ። ለካስ የደንበኛዬን እጅጌ አፉን ድፍን አድርጌ ሰፍቼዋለሁ። ሰውየው ሲለካው እጁ አልወጣ ብሎት «ይሄ ሸሚዝ ነው ወይስ ከረጢት?» አለኝ። ሳቅሁ፣ ሳቁም ወደ ሌላ ነገር ተቀየረብኝ፤ ምስኪን ደንግጦ «ኧረ ይተረተራል፣ ምን ችግር አለው» እያለ ያባብለኝ ጀመር።

ሳሉ እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ ረጅሙ ጠፋ፣ ከዚያ ሁለቱ አጫጭሮች አንድ ሆኑ። ልደብቅሽ አልፈልግም፤ ላባውን ይንጭ፣ ብቻውን ይኑር፣ ብቻ ይሳልልኝ ብዬ የተመኘሁበት ቀን ነበር። አደራሽን ልበላ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከነሱ ጋር ቀላቀልኩት። እመቤት ተንደርድራ መጣች። እኔ ፎጣዬን ይዣለሁ፣ ባለቤቴ ከኋላዬ ሆና ትከሻዬን ጨምድዳዋለች። እመቤት አየችው፣ ዞረችው፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ አናቱ ላይ የበቀለውን አዲስ ላባ ታበጥርለት ጀመር። ቅምጥል ዓይኑን ጨፈነ። «እሰይ! እሰይ!» አለች ባለቤቴ። እኔም እሰይ አልኩ። ቀኑን ሙሉ አብረው ዋሉ፣ አንድ ጊዜም አልሳለም።

አሁን ሥራ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ቀስ ብዬ ሳልኩ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። አልሆነም። ከደረቴ አድርጌ ሞከርኩ፤ የሚወጣው የኔው ሳል ነው። ባለቤቴ ከበሩ ማዶ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለች።

«የጨርቅ ብናኝ ነው» አልኳት።

ወፍሽ ደህና ነው፣ እትዬ፤ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ። እኔን ግን እንግዲህ ሳል ስሰማ ከመሮጥ የሚከለክለኝ የለም። ከሆነልሽ አንድ ጊዜ ሳዪልኝ፣ እመጣለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ