የዓርቡ ቃሌ

ይድረስ በድሬዳዋ ለምትኖሪው፣ እህትም እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ ወሰኔ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ሙቀቱ እንዴት አድርጎሻል? የጉልበትሽ ሕመምስ እዚህ ደጋ ቀረ ወይስ ተከትሎሽ ቆላ ወረደ? ባልሽ ተረፋ ደኅና ነው? ሥራው፣ መንገዱ፣ መኪናው ሁሉ ሰላም ነው? ያቺ ወሬኛ ልጅሽ የአብስራስ ጥርሷ በቀለ ወይስ አሁንም በክፍተቱ እያፏጨች ነው የምታወራው? እኔ ጌታ የተመሰገነ ይሁን፣ በአካሌ ጤነኛ ነኝ። በአካሌ ያልኩት ዐውቄ ነው፤ ውስጤማ ካለፈው እሑድ ጀምሮ እየፈላ ነው።

ለምን አልደወልሽም እንደምትዪ ዐውቃለሁ። ብደውል ድምፅሽን ስሰማ አለቅሳለሁ፤ አንቺም 'ተዪው እህቴ፣ ከሽማግሌ አይጋፉም' ትዪኛለሽ፤ እኔም እንደ ሁልጊዜው እተወዋለሁ። አሁን ግን መተው አልፈለግሁም። ወደ ድሬ የምትመለሰው የጎረቤታችን ልጅ ሰኞ ስለምትነሳ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ይህ ሲደርስሽ የነገው እሑድ አልፏልና ልትከለክዪኝ አትችዪም። ተንኮል ነው ካልሽም ተንኮል ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። አኖ ከተማ ልጆች ሳለን አባባና አያታችን አኮ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት ይኖሩ እንደነበር መቼም አይረሳሽም። አባባ ሸዌነቱን ይዞ ሠላሳ ዓመት ወለጋ ሲያስተምር ኦሮምኛው ከ'አከም ጅርታ' ሰላምታ አላለፈም፤ የእማዬ እናት አኮ ደግሞ አማርኛ አልሰማም ብላ የቆረጠች ነበረች። እማዬ ገበያ ስትውል መካከላቸው የምንቆመው እኔና አንቺ ነበርን። አባባ 'ይቺ አሮጊት ዛሬም ራዲዮዬን ዘጋችብኝ' ብሎ ሲያጉረመርም አንቺ ቀልጠፍ ብለሽ በኦሮምኛ 'አባባ ራዲዮውን ስላሳረፍሽለት ያመሰግንሻል' ትያት ነበር። እሷም ትመርቀዋለች፤ አባባም 'ምን አለች?' ይላል። ክፉ ቃል ደጃፍ ላይ ይቅር፣ እኛ የምናስገባው መልካሙን ብቻ ነው ያልሽኝ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። አኮ አማቿ የሚያከብራት መስሏት ነው ያረፈችው።

ያ ልማድ ነው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ተከትሎኝ የገባው። እንደምታውቂው ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፣ ቅዳሜ ሕፃናት አስተምራለሁ፣ ከመዘምራኑ ጋር እዘምራለሁ፣ ከአዲስ አበባ እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ ደግሞ ከአጠገቡ ቆሜ አስተረጉማለሁ። የከተማው ሰው ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል፤ ከገጠር የሚመጡት ግን የሚሰሙት በእኔ አፍ ነው። መጀመሪያ የቆምኩ ቀን ማይኩን በሁለት እጄ ሙጭጭ ብዬ ነበር የያዝኩት። ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ አሁን አልፈራም። እንዲያውም ከማስተርጎምም አልፌ ነበር። ሰባኪው የሉቃስን ጥቅስ ዮሐንስ ነው ሲል እኔ ሉቃስ ብዬ አልፈዋለሁ። ቀልዱ ሲከረፋ እተወዋለሁ፣ ንግግሩ ሲላላ አጠብቅለታለሁ። ይህንን እንደ ጸጋ እቆጥረው ነበር። ሰውም 'ሕብረት ካለች ስብከት አይበላሽም' ይል ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከዓርብ እስከ እሑድ ኮንፈረንስ ነበረን። የመጣው እንግዳ ድምፁ ለድምፅ ማጉያው የሚተርፍ ሰው ነው። ስሙን አልጽፍልሽም። ዓርብ ዕለት ስለ እምነት እየሰበከ ሳለ 'ክኒን ያመነ ክኒኑ ያድነው' አለ። ቃሉ ሻከረኝ። እንደ ልማዴ አለሰለስኩትና በኦሮምኛ 'ምርኩዝ የጨበጠ እጅ የጌታን እጅ በምን ይጨብጣል?' አልኩ። እሱ ያላለውን ከራሴ አውጥቼ መሆኑ ነው። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፤ እሱም የራሱ ቃል መስሎት ደረቱን ነፋ። ስንወጣ ሴቶቹ እያቀፉ ሳሙኝ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ኦቦ መገርሳም ከሰባኪው አንቺ በለጥሽ አሉኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ያን ቃሌን እየደጋገምኩት ነው ቤቴ የገባሁት።

እሑድ ከሰዓት የታመመ ይምጣ ተባለ። ከገጠር፣ ከኡኬ የመጣች ወርቂቱ የምትባል እናት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ይዛ ወጣች። ልጅቷ ሊሊሴ ትባላለች፤ የሚጥል በሽታ አለባት። ሰውየው እጁን ጭኖ ጸለየላት። እስከዚህ እኔም በሙሉ ልቤ አሜን ብያለሁ፤ ጌታ እንደሚፈውስ አምናለሁና ማንም እምነቴን እንዳይጠራጠርብኝ። ቀጥሎ ግን ወደ እናቲቱ ዞሮ 'ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒት የሚባል እንዳታቀምሻት። የያዝሽውን እዚሁ ጣዪው' አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ያልሰማሁ መስሎት ደገመው። ሦስተኛ ሲለው ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ ጥርሱን ነክሶ ነበር። ወርቂቱ አማርኛ አትሰማም፤ ዐይኗን አፌ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። እትዬ፣ ይሄን ቃል በምን አለሰልሰዋለሁ? ደጃፍ ላይ ቢቀር ነው የሚሻለው ብዬ ማይኩን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩትና ከመድረክ ወረድኩ። ወዲያው ሌላው አስተርጓሚ ጋሩማ ተንደርድሮ አነሳው። አንዲት ፊደል ሳያጎድል ተረጎመላት። እሷም ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ክኒን ፈትታ መድረኩ ላይ ዘረገፈችው። ሕዝቡ እልል አለ። ሊሊሴ ክኒኖቿን እያየች ነበር።

ሰው ሁሉ ሲወጣ አስተናጋጆቹ ክኒኑን ከወረቀቱና ከአበባው ጋር ሊጠርጉት ሲሉ ደረስኩ። በመሐረቤ ለቃቀምኩት። አሠሪዬ ፈቃድ የሰጠኝ ረቡዕ ስለነበር ረቡዕ ማለዳ በሚኒባስ ኡኬ ወረድኩ። ዘግይቻለሁ። ማክሰኞ ሊሊሴ ውኃ ልትቀዳ ቦኖው ጋ ተሰልፋ ሳለ ጥሏታል። የፊት ጥርሷ ተሰብሮ፣ ከንፈሯ አብጦ አገኘኋት። ገና እንዳየችኝ ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰለሽ?

'ጌታ ተቆጥቶኝ ነው?'

'አንቺን አልተቆጣም፤ የተቆጣው እኛን ነው' አልኳት። አልቅሼም ነበር። ከዚያ ሦስታችንም ተያይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ከመሬት የተለቀመ ክኒን አይዋጥም ብላ በአዲስ ቀየረችልን፣ ከዚህ በኋላ አንድም ቀን እንዳይቋረጥ ብላም እናቲቱን ተቆጣቻት። ወርቂቱ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ያን ቁጣ እኔ ነበርኩ መስማት የነበረብኝ፣ ለምን እንደሆነ ግን ገና አልገባኝም ነበር።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ለምን ጣልሽው፣ ከመድረክ ስወርድ አላየሽኝም ወይ ብዬ ወርቂቱን ጠየቅኳት። አየሁሽ አለች። ታዲያ ብላት ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ፤ እንደ ወረደ ነው የምጽፍልሽ።

'ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ እኔ ክኒኑን የጣልኩት እሑድ አይደለም፤ ዓርብ ነው። አንቺ ምርኩዝ የጨበጠ እጅ ስትዪ በልቤ ጨረስኩ። እሑድ ይዤው የመጣሁትም ልጥለው ነበር። ያኛውንማ ሰውዬ ምን እንዳለ እንኳ በቅጡ አልሰማሁትም።'

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። የእሱ ሻካራ ቃል አልፏት ሄዶ ነበር እኮ። እንደ ወረደ ብተረጉመው ኖሮ ትሸሸው ይሆናል፤ እኔ ማር ቀብቼ አጎረስኳት።

በማግስቱ ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። አምስት ወንዶች፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ እኔ ደግሞ ቁሜ። እንግዳ አዋረድሽ፣ መንፈስ ቅዱስን አቋረጥሽ፣ ሴት ልጅ ሆነሽ በሕዝብ ፊት ደፈርሽ ተባልኩ። ኦቦ መገርሳ፣ እኚያ ዓርብ ያሞገሱኝ አፋቸው ሳይዛነፍ 'አስተርጓሚ ቧንቧ ነው፤ ውኃውን አይቀምስም' አሉ። እኔም፣ ኦቦ፣ ውኃው ሲደፈርስ እኮ በዚህ ከተማ ቧንቧ ይዘጋል፣ እርስዎም ተመስገን ይላሉ አልኳቸው። አንዱ ሊስቅ ብሎ ሳል አደረገው። የሊሊሴ ጥርስ መሰበሩን ስነግራቸው ግን ያሳለም የሳቀም የለም። እናቲቱ ተጠራጥራ ይሆናል አሉ። አየሽ? ልጅቷን ጥሏት ጥርሷ ተሰብሮ፣ ተጠያቂዋ አሁንም ደሃዋ እናት ናት። ሰውየው በአውሮፕላን ተመልሶ ምሳውን እየበላ ነው፣ የእምነት ጉድለቱ ኡኬ ውኃ ቀጂዎች ዘንድ ተገኘ። እትዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተቆጥቼ አላውቅም። ጋሩማም ተጠርቶ ጥግ ተቀምጦ ጫማውን ያያል፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ቃሉን እንደ ወረደ በማስተላለፉ ማንም ያልጠየቀው ሰው ከእኔ ይልቅ ሲያፍር ማየቱ ትንሽ አበረደኝ።

የመጨረሻ ቃላቸው ይህ ነው። ነገ እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አለበለዚያ ማይኩም መዘምራኑም የሕፃናቱም ክፍል ከእኔ ይወሰዳል። ማይኩን ይውሰዱት። ቅዳሜ ቅዳሜ 'እትዬ ሕብረት' እያሉ ቀሚሴን የሚጎትቱት አርባ ሕፃናት ናቸው የሚያስጨንቁኝ። ዛሬ ጠዋት ሳስተምራቸው የመጨረሻዬ ይሁን አይሁን ሳላውቅ ነው የተለያየነው።

ሁለት ሌሊት ጸለይኩበት። መጀመሪያ የምጸልየው እነሱን እንዲቀጣልኝ ነበር። ትላንት ግን የወርቂቱ ቃል እየመጣ ጸሎቴን ዘጋብኝ። ሽማግሌዎቹን ለመክሰስ አፌን ስከፍት የራሴ የዓርብ ቃል ይቀድመኛል። ለካ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት እያቆነጀሁ ነው የኖርኩት። ሰባኪዎቹ መጥፎ ሲናገሩ ሕዝቡ እንዳይሰማ ያደረግኩ እኔ ነኝ። ሕዝቡ ቢሰማማ ገና ድሮ ይጠይቅ ነበር። አንቺን አልወቅስሽም፤ በሁለት ግትር ሰዎች መካከል የቆምሽ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሽ። እኔ ግን ሃያ አራት ሞላኝ።

ስለዚህ ነገ እቆማለሁ። ይቅርታም እጠይቃለሁ። እነሱ የሚጠብቁት ለእሑዱ ዝምታዬ ነው፤ እኔ የምጠይቀው ለዓርቡ ንግግሬ ነው። ሰባኪው ያለውን እንዳለ፣ እኔም የጨመርኩትን እንደ ጨመርኩ፣ ልጅቷም የደረሰባትን እንደ ደረሰባት እናገራለሁ። በመጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ምክንያቱም ይቅርታው የወርቂቱ ነው። ከሊሊሴ ጋር መጥታ ከፊት እንደምትቀመጥ ቃል ገብታልኛለች። ከዚያ በአማርኛ እደግመዋለሁ፤ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም። ከአገልግሎት ቢያባርሩኝ ከጌታ ቤት አያባርሩኝም፤ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እዘምራለሁ።

አባባ ከአኖ ሰላም ብሎሻል። በስልክ ስነግረው፣ እኛን ጴንጤዎቹን የሚተርብበት አገኘ ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ልጅቷ አሁን እንዴት ናት ብቻ አለኝ። ተረፋን በጣም ሰላም በዪልኝ፤ መንገድ ላይ እንዳይፈጥን። ጎረቤቶችሽን ሁሉ እንደ እኔ ሆነሽ ሳሚልኝ። የአብስራን ግንባሯን ሳሚልኝና አንድ ነገር ንገሪልኝ። አንቺና ተረፋ ስትኳረፉ በእሷ በኩል መላላካችሁን ነግራኛለች፤ 'አባዬ ያለውን አሳምሬ ነው ለእማዬ የምነግራት' ብላ ስትኩራራ አብሬያት ስቄ ነበር። የሰማችውን ብቻ ታድርስ። ከከበዳት ደግሞ አታድርስ፤ እናንተው ተነጋገሩ።

ታናሽ እህትሽ ሕብረት አሻግሬ
ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.