አንድ ሽርጥ ለሁለት

ሰርክዬ፣

የገንዳ ውሃ ከተማ ሙቀት እንደ ሰሊጥ እየቆላኝ ሰላም እልሻለሁ። ዛሬ እዚህ ክሊኒክ ራጅ ከሚያነሱት ከባየልኝና ከሚስቱ ከአየሁሽ ደም ወሰድኩ። የሚሠሩት በአንድ ክፍል፣ በአንድ ማሽን፣ እኩል ሰዓት ነው። ጨረር የወንድና የሴት ክሮሞሶም ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማወዳደር እንደነሱ ያለ ጥንድ አይገኝም።

“ከጨረር የሚከላከለውን ሽርጥ ማናችሁ ትለብሳላችሁ?” አልኳቸው። ያላቸው አንድ ብቻ ነው።

“እሷ ናታ” አለ ባየልኝ። “ገና እንወልዳለን።”

“እሱ ይልበስ እንጂ” አለች አየሁሽ። “ልጁ የእኔ ብቻ ነው እንዴ?”

ሽርጡ ከነላስቲኩ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አንተ ትብስ አንቺ ትብሽ ሲባባሉ አንዳቸውም ሳይለብሱት ኖረዋል። እኛ ጎንደር በአንዲት ማይክሮስኮፕ እንናከሳለን።

ከርሞ ደማቸውን ደግመን እስክንወስድ እንዲሁ እኩል ተጋልጠው ቢቆዩ ለጥናታችን ወርቅ ነበር። ግን አላስቻለኝም።

ፖስት ካርዱ ጠበበኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ዓለምፀሐይን ሳሚልኝ፤ ያዘዙኝን ሰሊጥ አልረሳሁም። አንቺም ይህ እንደደረሰሽ ሁለተኛ ሽርጥ ፈልገሽ በመጀመሪያው አውቶብስ ላኪልኝ። ጥናቱ ቢበላሽ ይበላሽ፤ ለልጃቸው ክርስትና መጠራታችን አይቀርም።

ማዕረግ